የአጁሉ ፍሬን

ውድ አቻን፣

ደኅንነትሽን ጠይቄ ልጀምር ብዬ ብዕር አነሣሁና እጄ እምቢ አለኝ። ደኅና እንዳልሆንሽ አውቃለሁ፤ አንቺ ካለሽበት ከአቦቦ የሚመጣ ሰው ሁሉ ይነግረኛል። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። የልጅሽን የአጁሉን ብስክሌት ለመታሰቢያዋ ሊሰቅሉት ነው። በመጪው እሑድ፣ ከአምልኮ በኋላ፣ ወደ ባሮ ድልድይ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ እሷ በወደቀችበት ቦታ ባለው የመብራት ምሰሶ ላይ። ብስክሌቱ ያለው እኔ ሱቅ ነው። ትራፊክ ፖሊስ ሲመልሰው ፊትሽን አዙረሽ “አንቺ ጋ ይቀመጥ” ካልሽኝ ቀን ጀምሮ ከኋላ ክፍል ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ንብረቱ ያንቺ ነውና ያለ አንቺ ቃል ከሱቄ አይወጣም ብያቸዋለሁ። ቃልሽን ከመስጠትሽ በፊት ግን ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ። እሱን ከሰማሽ በኋላ ስሜን ዳግመኛ ባትጠሪ አልፈርድብሽም።

ከሄድሽ ወዲህ ሰፈራችን ኒውላንድ ሌላ ሆኗል። ባጃጁ በዝቷል። ወደ ኢታንግ እህል የሚያመላልሱት ከባድ መኪኖች ቀን በቀን በከተማው መሐል ያልፋሉ። ብስክሌተኛው መጀመሪያ ወደ ጠርዝ ተገፋ፤ አሁን ደግሞ ከጠርዙ ወደ ቦዩ እየተገፋ ነው። ነርሱም፣ መምህሩም፣ መዘምራኑም በብስክሌት የሚሄዱበት ከተማ እንዳልነበር፣ ዛሬ ባጃጅ ነጂዎቹ “ያንን ቁራጭ ብረት ጥለህ ተሳፈር!” እያሉ ይሳለቁብናል።

ቦትን ታስታውሺው ይሆናል፤ ትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ የሚሠራው ረጅሙ ልጅ። እሱ የብስክሌተኞች ማኅበር አቋቁሟል። ከካምፑ የተሰናበተ አንድ ፈረንጅ የተወለትን ሄልሜት ደፍቶ፣ ከሩቅ የሚያብረቀርቅ ሰደርያ ደርቦ፣ በዚህ ሙቀት ላቡ እየተንጠፈጠፈ ይሄዳል። ገበያ በር ያሉት ሴቶች ሲያዩት “ቦት፣ ድስታችንን መልስ፣ ወጥ ልንሠራበት ነው!” ይሉታል። እሱም “ጭንቅላቴ ይብሰልና አመጣላችኋለሁ” ይላቸዋል። ሣቂታ ይሁን እንጂ በዚህ ሥራ አይቀልድም። ከገበያው እስከ ድልድዩ ለብስክሌት ብቻ የሚሆን መስመር ይከለል፣ ከባድ መኪናም ቀን አይግባ ብሎ ቤት ለቤት ፊርማ አሰባስቧል። ከአጁሉ በኋላ በዚያ ቁልቁለት ሌሎችም ወድቀዋል፤ የሰው አፍ ላይ የቀረችው ግን እሷ ናት። ስትዘምር ድምፅዋን ያልሰማ የለማ።

ባለፈው ሳምንት ከአንድ ጓደኛው ጋር ሱቅ መጣ። “እትዬ አበዛሽ፣ ሳይክሏን ነጭ ቀብተን እንስቀለው” አለኝ። በሌላ አገር ብስክሌተኛ በሞተበት ቦታ እንዲህ ሲደረግ ስልኩ ላይ አሳየኝ። ብስክሌቱን አወጣሁለት። ቦት ብስክሌት ያውቃል፤ ዙሪያውን ሄደ፣ ቁጢጥ አለ፣ ቸርኬውን በጣቱ ዳሰሰ።

“ፍሬን የለውም” አለ።

“የለውም።”

“በአደጋው ነው የወለቀው?”

“ከአደጋው በፊት ነው።”

ጓደኛው ሣቀ። “እዚህ ከተማ ፍሬን ያለው ሳይክል የማን ነው? የኔስ መቼ አለው?” አለና እግሩን አንሥቶ የበረባሶውን ሶል አሳየን። “ይኸው ፍሬኔ። ካቦ አይበጠስ፣ ዘይት አይፈልግ!”

ቦት አልሣቀም። “እትዬ፣ ከመሰቀሉ በፊት ግጠሚለት። አሮጌም ቢሆን ግድ የለም። ያለ ፍሬን ከሰቀልነው ‘ልጅቷ ራሷ ናት ጥፋተኛዋ’ ይላሉ። የገጫት መኪናም ነፃ፣ መንገዱም እንደነበረ።”

ያለው እውነት ነው፤ እንደዚያ ይላሉ። “ላስብበት” አልኩት። ያልኩት ግን ለማሰብ አልነበረም። እጄ ለዚያ ብስክሌት ፍሬን ለመግጠም እንደማይታዘዝልኝ ያን ጊዜውኑ አውቄዋለሁ።

አቻን፣ የወልደሥላሴን ግድግዳ ታስታውሻለሽ? ክረምት ሲገባ የአገራችን ጥቁር ጭቃ በፍሬኑና በቸርኬው መካከል ገብቶ እንደ ሊጥ ይለጠፋል፤ ጎማው አልዞር ይላል። ስለዚህ ሁሉም ሰው ፍሬኑን ያስወልቃል። ባለቤቴ ወልደሥላሴ የወለቀውን ፍሬን ሁሉ የደንበኛውን ስም በጻፈበት ቁራጭ ጨርቅ አሥሮ ምስማር ላይ ይሰቅለው ነበር። እኔ ፊደል የለየሁት ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም፤ ከዚያ ግድግዳና ዕቃ ተጠቅልሎ ከሚመጣበት ጋዜጣ ነው። መሬቱ ሲደርቅ ማንም ሳይጠይቀው፣ ሰውየውን መንገድ ላይ አስቁሞ “ና፣ ፍሬንህን ገጥሜ እግርህን ላሳርፍልህ” ይለዋል። የየዓመቱ ልማዱ ነበር።

እሱ ሲያርፍ ሥራውን እጄ ያውቀው ስለነበር ያዝኩት። ልማዱን ግን አልያዝኩም። ጭነት የሚጭኑ ሰዎች ፍሬን ይፈልጋሉ፤ ያስወለቁት ደግሞ በእግራቸው ማቆም ይለምዱና ይረሱታል። ስለዚህ መሸጥ ጀመርኩ። ምስማሮቹ ባዶ ቀሩ። የኔ ነው ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፤ ከአንድ ሰው በቀር።

የአጁሉን ፍሬን ያወለቅሁት አንቺ አግዳሚው ላይ ተቀምጠሽ እያየሽ ነው። ሐምሌ ነበር። ያ ፍሬን ሲያዝ እንዴት ይጮህ እንደነበር! አንቺ “ይሄ ጩኸት ከጠፋ መምጣቷን በምን አውቃለሁ? እራት የማቀርበው እሱን ሰምቼ ነው” አልሽ። እሷ ደግሞ “በመዝሙር እመጣለሁ፣ እማ” አለችሽና ሦስታችንም ሣቅን። ፍሬኑን በዚያው ሳምንት ለዓሣ ሻጩ ለኦጆት ሸጥኩት።

እስከዚህ ድረስ ታውቂያለሽ ወይም ትገምቻለሽ። የማታውቂው ይህ ነው። ጥቅምት ላይ፣ መሬቱ እንደደረቀ፣ አጁሉ ብቻዋን ሱቅ መጣች። “እትዬ፣ ፍሬኔን ግጠሚልኝ። ያ ቁልቁለት አስፈርቶኛል፤ መኪናው በዝቷል” አለችኝ። ሣጥን ውስጥ ሌሎች አሮጌ ፍሬኖች ነበሩኝ። አንዱን አንሥቼ መግጠም እችል ነበር። ግን የራሷ እንዳልሆነ ማወቋ አይቀርም፤ የኔስ የት ሄደ ማለቷም አይቀርም። የወልደሥላሴ ሚስት የሰው ዕቃ ሸጠች መባሉን ፈራሁ። “ምን አስቸኮለሽ? ያንቺ እግር መች ዛለ! ኅዳር ላይ እገጥምልሻለሁ” አልኳት። እየሣቅሁ ነው ያልኳት። እሷም “እሺ” ብላ ሄደች። ብትቆጣኝ፣ ብታጉረመርም ኖሮ ምናልባት አፍሬ እገጥምላት ነበር።

ኅዳር አልደረሰላትም።

ያን እሑድ አዲሱን ነጭ ጫማ አድርጋ ነበር፤ መዘምራኑ አንድ ዓይነት እንዲለብሱ ተብሎ አንቺ የገዛሽላትን። ዘወትር የምታደርገው በረባሶ ጎማ ላይ ሲጫን ይነክሳል፤ የነጩ ጫማ ሶል ግን ለስላሳ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ያ መኪና ሲዞርባት በእግሯ ለመቆም ሞክራለች። ይህን የማውቀው ማንም ነግሮኝ አይደለም። የኋላው ጎማ ላይ የጫማዋ ነጭ ፕላስቲክ ቀልጦ ተለጥፏል፤ ከክንድ የሚረዝም ነጭ መስመር ነው። አቧራውን ስጠርግ አገኘሁት፤ አልፋቅሁትም።

ለቅሶው ላይ ያልሽውን አልረሳሁም። “ጫማውን እኔ ነኝ ያደረግሁላት። በእጄ ነው ያሠርኩላት” እያልሽ ጉልበትሽን ስትመቺ፣ ሴቶቹ “የጌታ ፈቃድ ነው፣ አቻን” ይሉሽ ነበር። እኔ አጠገብሽ ነበርኩ። ትከሻሽን ይዤ “አይዞሽ” አልኩሽ። “ጫማው አይደለም” ማለት ስችል አይዞሽ አልኩሽ። ጥፋቱን ብቻሽን ስትሸከሚው አየሁና ዝም አልኩ፤ አንቺ እስከያዝሽው ድረስ ወደ እኔ የሚያይ አልነበረማ።

አሁን ከአቦቦ የሚመጡት ሰዎች የሚሉኝን ልንገርሽ። አቻን ጫማ ማድረግ ትታለች ይሉኛል። በጭቃውም፣ በሚፋጀውም መሬት፣ ቤተ ክርስቲያንም ሳይቀር በባዶ እግሯ ነው የምትሄደው ይሉኛል። መጀመሪያ የነገረችኝ ሴት ጎማ ልታስለጥፍ መጥታ ነበር። ጎማውን ለጥፌ ሰጠኋት፤ በኋላ መልሳ ስታመጣው ሳየው የተቀደደውን ትቼ ደኅናውን ቦታ ነው የለጠፍኩት።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ለጎረምሶቹ ፍሬን በነፃ እገጥማለሁ። ማስተስረያ ይሆነኛል ብዬ ነበር። ይሄ ከተማ ግን በማስተስረያም ይቀልዳል፤ አንዱ ጎረምሳ የገጠምኩለትን ፍሬን ጥጉን እንደታጠፈ ፈታና በሳምንቱ ለራሴ ሊሸጥልኝ መጣ። “እትዬ፣ ጥራት ያለው ዕቃ ነው፤ ግዢኝ” አለኝ። ካቦው ላይ የራሴን ቋጠሮ አወቅሁት።

ሰኞ ዕለት ቦትን አስጠርቼ ላንቺ የነገርኩሽን ሁሉ ነገርኩት። የተጣለ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሲሰማ ቆየ።

“ይሄን ሕዝብ ፊት ልትናገሪው ነው?” አለ።

“ከሰቀላችሁት እናገረዋለሁ።”

“መንገዱን ታሳጪናለሽ፣ እትዬ። ያን ሁሉ ፊርማ! ‘ባለሱቋ ራሷ መሰከረች’ ይሉና ፋይሉን ይዘጉታል። ነገ ደግሞ ሌላ ልጅ ይሞታል። ያኔስ ምን ትያለሽ?”

ምናልባት ልጁ ልክ ነው። ምናልባት በእውነቴ ሌላ ሰው እገድል ይሆናል። ግን እንዲህ አልኩት፤ “ነጭ ስትቀቡት ያ ጎማው ላይ ያለው መስመር ይሸፈናል። ልጅቷ ለመቆም መሞከሯን የሚያሳይ ሌላ ምንም የለም። ፍሬን ብገጥምለት ደግሞ የሚያየው ሰው ሁሉ ‘ፍሬን እያላት ለምን አልያዘችም?’ ይላል። ሁለተኛ በእሷ ላይ አልዋሽም።” ቦት ሄልሜቱን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ፤ በቀን ያለ እሱ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። “እንግዲያው አቻን ትወስን” ብሎኝ ሄደ።

ከዚያ ወንዝ ዳር ወርጄ ኦጆትን አገኘሁት። ዓሣውን ከኋላ እየጫነ ነበር። እኔ ስናገር እጁ ፍሬኑ ላይ ነበር፤ ስጨርስ ትኩስ ነገር እንደነካው ሁሉ ለቀቀው።

“ይሄ የሷ ነው?”

“የሷ ነው።”

“ያን ቁልቁለት በየቀኑ እወርዳለሁ” አለ። “ዓሣ ጭኜ። በየቀኑ ያቆመኛል።” ቀጥሎ ያለውን ያለው በራሳችሁ ቋንቋ ነው፤ አልገባኝም፤ ተርጉምልኝም አላልኩትም። በኋላ ግን “ደብዳቤውን እኔ አደርሳለሁ። አቻን ፍሬኑን ፍታው ካለችኝ እዚያው በሯ ላይ እፈታዋለሁ። ሳይክሉን እየገፋሁ እመለሳለሁ” አለኝ።

እንግዲህ ውሳኔው ያንቺ ነው። አይሰቀል ካልሽ አይሰቀልም፤ ኦጆት ጭኖ ያመጣልሻል። ይሰቀል ካልሽ ሳይቀባ፣ ያለ ፍሬን፣ ጎማው ላይ ያለው ነጭ መስመር እንዳለ ይሰቀላል፤ እኔም ሥሩ ቆሜ የጠየቀኝን ሁሉ ማን እንዳወለቀው እነግረዋለሁ። ፍሬን ተገጥሞለት ይሰቀል ብትይ ግን ሌላ እጅ ይግጠመው፤ የኔ አይገጥመውም። ይቅርታ አልጠይቅሽም። ይቅርታ የሚጠየቀው የሚመለስ ነገር ሲኖር ይመስለኛል።

ይህን ስታነቢ ኦጆት ደርሷል። በርሽ ላይ ሲቆም ያንን ጩኸት ሰምተሽ ቀና ብለሽ ከሆነ፣ ጆሮሽ አልዋሸሽም። እሱ ነው። የእሷው ነው። ፍሬኑ ደኅና ነበር፤ ሁልጊዜም ይይዝ ነበር። ቦታው ላይ ያልነበረው በእኔ ነው።

ጫማው አይደለም፣ አቻን። መልስ ባትልኪልኝም፣ እሑድ ባትመጪም፣ ይህችን ብቻ እሺ በይኝ፤ ጫማሽን አድርጊ።

አበዛሽ
ኒውላንድ፣ ከወልደሥላሴ ሱቅ