ለሀዋኦ የጻፍሽላት ይቅርታ

ውድ አግነስ፣

«ውድ» ያልኩሽ መምህር ዘርአብሩክ ደብዳቤ እንዲህ ይጀመራል ብሎ ስላስተማረን እንጂ ከልቤ አይደለም። ይህን የምጽፈው እኔው ካልቶማ ነኝ፤ ማንም አልጻፈልኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰኞና ረቡዕ «ቲማቲም ልገዛ ወደ ኢትዮጵያ በኩል ልሻገር» ስልሽ፣ ቲማቲሙን ቶሎ ገዝቼ የምቀመጠው ጎልማሶች ከሚማሩበት ክፍል ነበር። በስልሳ አንድ ዓመቴ፣ ልጆቼ ከሚሆኑ ሴቶች ጋር። ላስደንቅሽ ነበር። አንድ ቀን ስልኩን ከእጅሽ ተቀብዬ የልጄን መልእክት ጮክ ብዬ ላነብልሽ ነበር።

ልጄ ሀዋኦ ከባሏ ከሀምዳን ቤት ጠፍታ ናይሮቢ ከገባች፣ ከዚያም የምትጦራትን ህንዳዊት አሮጊት ተከትላ ራጅኮት ወደሚባለው ከተማ ከሄደች ወዲህ ድምፄን መስማት አልፈልግም ብላ እንደነበር ታውቂያለሽ። የምንገናኘው በጽሑፍ ብቻ ነበር፤ እሱም ሁለታችሁም ወዲያ ማዶ በተማራችሁት አማርኛ፣ በአንቺ ስልክ፣ በአንቺ ሱቅ፣ በአንቺ አፍ። አምስት ዓመት። እኔ ከሱቅሽ በር አጠገብ ቻፓቲዬን እጋግራለሁ። ስልኩ የወዲያ ማዶውን ኔትወርክ እየያዘ ሲያስቸግርሽ ወደ ቡቲዬ የሚወስደውን ዳገት ትወጪና ስትመለሺ ከሩቅ ትጣሪያለሽ፤ «ማማ ሀዋኦ፣ መጥቷል!» እጄን በሽርጤ ጠርጌ እቀመጣለሁ።

አንድ ቀን እንዲህ ብለሽ አነበብሽልኝ፦ «እማ፣ እዚህ የዝሆን ራስ ያለው አምላክ አላቸው። እናቱ ገላዋን ስትታጠብ ከገላዋ እድፍ ልጅ ሠርታ በር ጠብቅ አለችው። አባትየው ከመንገድ ሲመለስ ልጁ አላስገባህም አለው። አባት ልጁን አያውቀውምና ራሱን ቆረጠው። እናቲቱ ልጄን መልስልኝ ብላ ሰማይ ምድሩን ብታናውጥ የዝሆን ራስ ተከሉለትና ተነሣ።»

«አስተግፊሩላህ!» አልኩ።

ሹፌሩ ዴኒስ ሻዩን ይዞ ያዳምጥ ነበር። «ማማ፣ ያ አባት የሎሪ ሹፌር መሆን አለበት» አለ። «እኔም ከሞምባሳ ስመለስ የገዛ ልጄ ማነህ ይለኛል።»

«አንተንማ ቢቆርጡህ የሚተክሉልህ የአህያ ነው» አልኩትና ሦስታችንም ሳቅን። ያን ተረት ላለፈ ላገደመው ሹፌር ሁሉ «ልጄ የጻፈችልኝ ነው» እያልኩ አወራሁት።

ምግባቸውንም አነበብሽልኝ። እዚያ ቻፓቲ የየዕለት ምግብ መሆኑን፣ ያለ ዘይት ተጋግሮ እሳት ላይ እንደ ፊኛ እንደሚነፋ። ዕድሜ ልኬን የህንድ ምግብ እየጋገርኩ የራሳችን ይመስለኝ እንደነበር ያን ቀን አወቅሁ። ሰው ሲታመም ሩዝና ምስር አንድ ላይ አልፈስፍሰው ኪችዲ እንደሚሉትም ነገርሽኝ። ወባ የያዘሽ ጊዜ ሠርቼልሽ በላሽ። «ሀዋኦ እንዳለችው ነው?» ስልሽ፣ «ልክ እንዳለችው» አልሽኝ። ዓይኔን እያየሽ!

ደግሞ የዚያች የንጉሥ ሚስት ነገር። ባሏ ንጽሕናዋን ተጠራጥሮ በእሳት ውስጥ አሳለፋት፤ አለፈች። በኋላ እንደገና አስመስክሪ አላት። እሷም መሬትን «እናቴ፣ ተቀበይኝ» ብትላት መሬት ተሰንጥቃ ወሰደቻት ብለሽ አነበብሽ።

«እናቷ መሬት ናት?» አልኩ።

«አዎ።»

«ወደ ባሏ አልመለሰቻትም?»

«አልመለሰቻትም፤ ተቀበለቻት።»

«ጎበዝ እናት» አልኩና ቻፓቲዬን ገለበጥኩ። ብዙ አየሽኝ። የዚያን ጊዜ ዓይንሽ ምን ይል እንደነበር ዛሬ ነው የገባኝ።

ባለፈው ሳምንት ባልሽ ወደ ኢሲዮሎ ሲዛወር ስልኩን ሰጥተሽኝ ሄድሽ። «ሱቁን የተረከበችው ሻሮን ታነብልሻለች» አልሽ። ከውስጡ አንዲት መስመር አላጠፋሽም። እስከ መጨረሻው ዕውር ሆኜ እቀራለሁ ብለሽ ነው ወይስ እንዳገኘው ፈልገሽ? የትኛው እንደሚብስ አላውቅም።

ከአሥር ሰዓት ሶላት በኋላ ምድጃዬን አጥፍቼ ተቀመጥኩና ከላይ ጀምሬ፣ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ አነበብኩ። ዝሆን የለም። መሬት የተቀበለቻት ሴት የለችም። ልጄ የጻፈችው ይኸውልሽ፦ «እዚህ ቤት ቻፓቲ ሲጋገር ከማዕድ ቤት እወጣለሁ። የእናቴን እጅ ያስታውሰኛል፤ ወደ ሀምዳን የጎተተኝን እጅ።» ይህን ነው «ቻፓቲ ሲጋገር አንቺን አስታወስኩሽ» ብለሽ ያነበብሽልኝ። ተረቱን ሁሉ ከኢንተርኔት እየለቀምሽ በልጄ አፍ ስታጎርሺኝ ኖረሻል።

ይህስ ይሁን። የባሰው እኔ ያልኩት ነው። ያን ቀን ትዝ ይልሻል? «ሀምዳን ሌላ አግብቶ ሦስት ወልዷል፤ ዘመዶቹ ግን ዛሬም ገበያ ላይ ፊታቸውን ያዞሩብኛል፤ ያዋረድሽኝን አልረሳሁም በያት» አልኩሽ። አንገትሽን ደፍተሽ ብዙ ጻፍሽ።

«ይህን ያህል ይረዝማል እንዴ?» አልኩሽ።

«አማርኛ ሲጻፍ ይረዝማል» አልሽኝ።

የጻፍሽው ግን ይህን ነው፦ «ልጄ፣ እጅሽን ይዤ ወደ ሀምዳን ቤት የመለስኩሽ ቀን እናትሽ አልነበርኩም። ይቅር በይኝ።» ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሌላ ካልቶማ ፈጠርሽ። ለልጇ የምትጸልይ፣ ስሟን ስትጠራ የምታለቅስ። እኔ በንዴት ነው የኖርኩት፤ ስለ ሀዋኦ ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም። ያቺን ሴት ባገኛት እኔም እወዳት ነበር።

ሀዋኦም ወደደቻት። የመጨረሻው መልእክት «እማ፣ ይቅርታሽን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ዓርብ ናይሮቢ እገባለሁ» ይላል። አንቺም በእኔ ስም «ኤርፖርት ቆሜ እጠብቅሻለሁ» ብለሽ ቃል ገብተሽልኛል። እኔን ሳትነግሪኝ! ልጄ ባሕር ተሻግራ የምትመጣው ካንቺ ጋር ታርቃ ነው፤ የምታገኘው ግን እኔን ነው።

ለመምህር ዘርአብሩክ ነገርኩት። መነጽሩን አውልቆ፣ «እትዬ ካልቶማ፣ ዝም ይበሉ። ትምጣና ይቀፏት» አለኝ።

«ማንን ልታቅፍ ነው የምትመጣው?» አልኩት። መነጽሩን መልሶ አደረገ። የምጠይቅሽ አንቺም የለሽም።

እሁድ ለት በሁለት ጣቴ እየነካካሁ ጻፍኩላት፦ «ሀዋኦ። እናትሽ ነኝ። ፊደል ተምሬ ራሴ ነው የምጽፈው። ይቅርታውን የጻፈችው አግነስ ናት፤ እኔ አላልኩም። ያን ቀን ሸሽተሽ ስትመጪ ጆሮሽ ደም ነበረው። አይቻለሁ። አይቼ ነው የመለስኩሽ። የሰው አፍ ፈርቼ ነው። ይህን አውቀሽ ከመጣሽ ነይ።» መጨረሻው ላይ ይቅርታ የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። ያንቺን ቃል የሰረቅሁ መሰለኝ። ለራሴ ምንም አላስተረፍሽልኝም።

ይዤው ዳገቱን ወጣሁና ላክሁት። ሁለቱ ምልክቶች ሰማያዊ ሆኑ፤ አንብባዋለች ማለት ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ አንዲት ቃል አልመለሰችም። በቀን ሦስት ጊዜ ዳገቱን እወጣለሁ። ሻሮን «ማማ፣ እግርሽ ያብጣል» ትለኛለች። ይበጥ።

ብደውልልሽ ታለቅሺና እኔም እሸነፋለሁ፤ ስለዚህ ደብዳቤውን ለዴኒስ ሰጥቼዋለሁ፤ ነገ ኢሲዮሎ ይገባል። አንድ ነገር ንገሪኝ። አምስት ዓመት እናት የሆንሻት አንቺ ነሽ። ስትናደድ ዝም ትላለች? ዝም ካለች ስንት ቀን ነው? ከዝምታዋ በኋላ ትመጣለች ወይስ ትቀራለች? እኔ ወለድኳት እንጂ ይህን አላውቅም፤ አንቺን መጠየቄ እሬት እሬት ይለኛል።

ብትመልሺም ባትመልሺም የሐሙሱን የናይሮቢ አውቶቡስ እሳፈራለሁ። አጠገቤ ያለውንም ወንበር ላንቺ ይዣለሁ። ኢሲዮሎ ሲደርስ አውቶቡስ መቆሚያው ስቴጅ ላይ ቆመሽ ጠብቂኝ። ይቅር አላልኩሽም፤ እንዳትሳሳቺ። ግን ልጅቷ የተነሳችው ወደ እናቷ ነው፤ እኔ ብቻዬን ያቺን እናት አልሞላም። ከመጣች ሁለታችንንም ትይና የፈለገችውን ትበለን። ካልመጣች እስከ ኢሲዮሎ አብረን እንመለሳለን፤ መንገዱን ሙሉ እሰድብሻለሁ፣ አንቺም ዝም ብለሽ ትሰሚኛለሽ።

ካልቶማ
ሞያሌ፣ ኬንያ