ድሪቶው ስንት ቀን ይፈጃል

እንጦጦ፣ አዲስ አበባ
ሰኞ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

የዓይኔ ማረፊያ ልጄ ሔራን፣

እንዴት ነሽ? ሆድሽስ እንዴት ነው? ደብዳቤ «እኔ ደኅና ነኝ» ተብሎ እንደሚጀመር አላጣሁትም። ዛሬ ግን እሷን ዘልያታለሁ። ቁጭ ብለሽ አንብቢ፤ ባልሽ የማነም አጠገብሽ ይሁን። የጎረቤታችን ልጅ ሠረቀብርሃን ነገ ጠዋት አውቶቡሱን ወደ አርባ ምንጭ ስለሚነዳ «ለራሷ በእጇ ስጥልኝ፣ ለዘበኛ እንዳትተወው» ብዬ አስምዬዋለሁ። ባልሽ ከሥራ ካልገባ ጠብቂው።

የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። «እማዬ፣ ድሪቶው ስንት ቀን ነው የሚፈጀው? የሙሽራ ቀሚስ በሦስት ቀን የምትጨርሺ ሰው፣ ለአንድ ፍሬ ሕፃን ብርድ ልብስ ሦስት ወር?» ብለሻል። ከሱ ቀጥሎ ደግሞ «ቅዳሜ እመጣለሁ፤ የምወልደው እናቴ ቤት ነው። ከጥምቀት ወዲህ የያዘኝ ጉንፋን አልለቀኝ ብሎ ነው እንጂ ደኅና ነኝ» ብለሻል። በድሪቶው ሳቅሁ። የጉንፋኑን ነገር ግን ደጋግሜ አነበብኩት።

መጀመሪያ የጠየቅሽኝን ልመልስ። መስከረም ላይ ያንን ቁርጥራጭ ጨርቅ የተገጣጠመበትን ብርድ ልብስ ፎቶ ስትልኪልኝ እንዴት እንደተናደድኩ ታስታውሻለሽ? አርባ ዓመት ሾላ ገበያ ውስጥ ለሰው ስሰፋ የኖርኩ ሴት፣ የልጅ ልጄ በድሪቶ ይጠቅለል? እኛ ዘንድ ድሪቶ የሚለብሰው ሌላ ያጣ ሰው ነው። አንቺ ግን «እማዬ፣ አሁን ፋሽን ሆኗል» ብለሽ ሳቅሽብኝ። እንግዲህ ፋሽን ከሆነ ብዬ ሾላ ወርጄ ከድሮ ባልደረቦቼ ቁርጥራጭ ለቃቀምኩ። ምንም ቢሆን ግን እኔ የምሰፋው ድሪቶ ከጀርባው ሳይቀር ማማር አለበት።

ሥራው ደግሞ እንዳየሽው አይደለም። ቁርጥራጩ መጀመሪያ ይታጠባል፤ አለዚያ በኋላ አንዱ ሲሸበሸብ ሌላው ቀለሙን ይለቃል። ከዚያ እኩል ይቆረጣል፣ ይገጣጠማል። ከሥሩ አቡጀዲ፣ መሐሉ ላይ የተባዘተ ጥጥ ይነጠፋል። ሦስቱን አንድ ላይ መስፋት ለመኪና የሚተው አይደለም፤ መኪናው ጥጡን ወደ አንድ ጥግ ገፍቶ ያከማቸዋል። በእጅ፣ በትንሽ በትንሹ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እንዲህ ላለው ሥራ ነው። አሳየችን ታውቂያታለሽ፣ ከግድግዳው ወዲያ ያለችውን፤ በየቀኑ እየመጣች ጥጡን ታባዝትልኝ ነበር። «የሔራን ልጅ ሲሸናበት ሁለታችንንም ያስታውሰናል» ትለኝ ነበር።

እና መልሱ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ነው። ኅዳር 12 ጀመርኩት፣ ታኅሣሥ 1 ጨረስኩት። ኅዳር ላይ ስትመጪ ግማሹን አይተሽው የለ? ከሄድሽ በስምንተኛው ቀን አልቋል።

ካለቀ ሁለት ወር አልፎታል፣ ልጄ። «ጠርዙ ቀርቶኛል» ያልኩሽ ውሸት ነው። «ዓይኔ ደከመ» ያልኩሽም ውሸት ነው። «ክር አጣሁ» ስልሽ እንኳ እንዴት አመንሽኝ? እኔ ክር ያጣሁበት ቀን አለ? አልቋል ብልሽ «በይ ይዘሽው ነይ» ትይኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ መምጣት አልችልም። ስልክ ሳላነሳ ቀርቼ «እዚህ ዳገት ላይ ኔትወርክ የለም» ማለቴም ያው ነው። ፓርኩን ሊያዩ የሚመጡት ወጣቶች በደጃፌ በቪዲዮ እያወሩ ነው የሚያልፉት። ኔትወርክስ ሞልቷል። ካነሳሁ ሳሌን ትሰሚያለሽ ብዬ ነው።

ቲቢ ነው የያዘኝ።

ባለፈው ነሐሴ ነው የጀመረው። ብርድ ነው ብዬ ስቆይ ላብ አልብሶ ሲያሳድረኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲስተር ናዝሬት የምትባል ልጅ ናት የያዘችኝ፤ እንዳንቺ ቁጡ ናት። ኪኒኑን ስድስት ወር፣ አንድም ቀን ሳላጓድል መዋጥ እንዳለብኝ ነገረችኝ። ሽንቴን እንደ ቀይ ሥር ውኃ ሲያቀላው ደም መስሎኝ እየሮጥኩ ብሄድ ሳቀችብኝ። በሁለት ወሩ ሳሉ ጠፋ፣ ምግብ ተስማማኝ፣ ፊቴ ሞላ። «እማማ፣ የዳኑ የሚመስልዎ ጊዜ ነው አደገኛው» ብላኝ ነበር። ሰምቻታለሁ። አልሰማሁም ማለት አልችልም።

ያን ጊዜ ላንቺ አልነገርኩሽም። አምና የወረደብሽን ጽንስ ሐዘን ገና ሳትረሺ ሁለተኛውን መያዝሽን ስትነግሪኝ፣ በምን አንደበቴ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ ግን መድኃኒቱን አግኝቼም ደበቅሁ። ይህ ልጅ እንዲጸናልሽ የነቢያት ጾም ሲገባ ሱባኤ ገባሁ። በየጠዋቱ ጸበል መውረድ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ነው። ኪኒኑ ደግሞ በባዶ ሆድ ያቅለሸልሸኛል። ከሁሉ በላይ ግን፣ ላንቺ የያዝኩትን ስለት በኪኒን እየደገፍኩ ማድረስ ማታለል መሰለኝ። ኅዳር 15 ቀን አቆምኩት። ማንንም አልጠየቅሁም።

በኋላ ለንስሐ አባቴ ለአባ ወልደ ኢየሱስ ስነግራቸው መስቀላቸውን እንደያዙ ቀሩ። «ማን አቁሚ አለሽ? እኔ ነኝ?» አሉኝ። «ጸበሉንም ጠጪ፣ መድኃኒቱንም ዋጪ እያልን የምናስተምረው ለግድግዳው ነው እንዴ? ሐኪሙን የፈጠረው ሌላ ነው?» እግራቸው ላይ ወድቄ አለቀስኩ።

ሳሉ ድሪቶውን በጨረስኩ በሳምንቱ ተመለሰ። በዚያው ሰሞን አሳየችም ማሳል ጀመረች። እሷ ከግድግዳው ወዲያ ስታስል እኔ ከወዲህ እመልስላት ነበር፤ መጀመሪያ መጀመሪያ ያስቀን ነበር። ለገና የነጠላዬ ጫፍ ላይ ደም አየሁ። ጤና ጣቢያ ስመለስ ናዝሬት አልተቆጣችም፤ ያኔ ነው የፈራሁት። አክታዬ ተመርምሮ፣ አሁን ያለብኝ መድኃኒቱን የተላመደ ቲቢ ነው ተባልኩ። የፊተኛው ኪኒን አይነካውም። ሌላ ተጀምሮልኛል፤ እሱም ወራት ይፈጃል። ራሴን ያዞረኛል፣ እግሬን ያቃጥለኛል፣ ግን አንድ ቀን አላጓደልኩም። ያንን ሰማያዊ ቀሚሴን ሦስት ጊዜ አጠበብኩት።

አሳየች ደብረ ብርሃን ወንድሟ ዘንድ ሄደች ብዬሽ ነበር። አልሄደችም። ጥር 14 ቀን ቀበርናት። ስኳሩ ቀድሞ ጎድቷት ስለነበር ሐኪም ቤት በገባች በአራተኛው ቀን አረፈች። ናዝሬት «ከእርስዎ ወደ እሳቸው ይሁን፣ ከእሳቸው ወደ እርስዎ፣ ማንም ሊያውቅ አይችልም» ትለኛለች። ልታጽናናኝ ነው፤ ልጅቷ ደግ ናት። እኔ ግን ከቀብር መልስ ቤቴ ገብቼ በግድግዳው በኩል ጆሮዬን ጥዬ ነበር። ዝም ብሏል። ጓደኛዬን ገደልኳት እያልኩ ነው የሰነበትኩት፣ ሔራን። ለማንም አልተናገርኩትም።

አሁን ስለ ጉንፋንሽ። ከጥምቀት ወዲህ ከሆነ ሦስት ሳምንት ሆነው። ጤና ጣቢያው በር ላይ «ሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል» የሚል ተለጥፏል፤ በየቀኑ በሥሩ አልፋለሁ። አክታ አለው? ያልብሻል? ሐኪም ቤት ስትሄጂ ዝም ብለሽ ጉንፋን ነው እንዳትያቸው። እንዲህ በያቸው፤ «እናቴ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ አለባት፤ ኅዳር ላይ አምስት ቀን አንድ ክፍል ውስጥ አብሬያት ነበርኩ፤ እርጉዝ ነኝ።» የምትረሺ ከሆነ ይህንን ወረቀት አሳዪያቸው። የማነም ይመርመር። ናዝሬት በጊዜ ከታወቀ ለእናትም ለልጅም መድኃኒት አለው ብላ ምላ ነግራኛለች። ረቡዕ ጠዋት ራሷ ትደውልልሻለች፤ አንሺ፣ የምትልሽንም አድርጊ። እሷ ትናንትናውኑ ልትደውል ነበር፤ ከኔ ትስማው ብዬ ለምኜ ነው ያዘገየኋት። እነዚህንም ሦስት ቀኖች ከፈለግሽ ጥፋቴ ላይ ደምሪያቸው።

ቅዳሜ እንዳትመጪ። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው፣ አውቃለሁ፤ ስንት ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ነገር ነው። «የካ አባዶ አክስቴ ቤት አርፌ እየመጣሁ አይሻለሁ» እንዳትዪኝም፤ አውቅሻለሁ፣ በማግስቱ እዚህ ነሽ። እዚያው ውለጂ። የየማነ እናት ይምጡና ይረሱሽ። ገንፏቸው እንደሚጓጉል ሠርግሽ ላይ አይቻለሁ፤ ግድ የለም፣ ብዪው። ብትመጪ ግን በሩን አልከፍትልሽም። ብታንኳኪም፣ ብታለቅሺም፣ ሰፈሩ ቢሰበሰብም አልከፍትም። ከውስጥ ሆኜ ድምፅሽን እየሰማሁ አልከፍትም።

ድሪቶውን አልላክሁትም። ናዝሬት በጨርቅ አይተላለፍም፣ አጥበሽ ፀሐይ ላይ ማስጣት ይበቃል ትላለች። ልክ ትሆናለች። እኔ ግን እያንዳንዷን ክር በጥርሴ ነው የበጠስኩት።

አንድ ነገር ቀርቷል። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ የቀደድኩት በሱ ምክንያት ነው።

ኅዳር ላይ ስትመጪ መድኃኒቱን ካቆምኩ አራተኛ ቀኔ ነበር። አልጋዬን ተጋራሽኝ፣ ሳህኔን ተጋራሽኝ። የጽዮን ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ስሰፋ አንቺ ጭኔ ላይ ጋደም ብለሽ ነበር። ናዝሬት «ሰው ቤትዎ ሲገባ መስኮቱን ወለል አድርገው ይክፈቱ» ብላኝ ስለነበር ከፍቼዋለሁ። የእንጦጦን የኅዳር ነፋስ ታውቂው የለ፤ «እማዬ፣ በረደኝ፣ ዝጊው» አልሽኝ። ያን ጊዜ ልነግርሽ እችል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ብነግርሽ ትነሺያለሽ፣ ዕቃሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ ደግሞም መሄድ አለብሽ። አባትሽ ከሞተ ወዲህ ሰው ጭኔ ላይ ተኝቶ አያውቅም። ቀስ ብዬ ራስሽን ትራስ ላይ አሳረፍኩና ተነሥቼ መስኮቱን ዘጋሁት። ከዚያ ተመልሼ ራስሽን አቀፍኩ። አውቄ ነው፣ ሔራን። እያወቅሁ ነው የዘጋሁት።

እግዚአብሔር አንቺንም በሆድሽ ያለውንም በክንፉ ይሸፍናችሁ። ማርያም ምጥሽን ታቅልልሽ፣ ማኅፀንሽን ትባርክ። ልጅሽ ያንቺን ሳቅ ይውረስ፤ ከኔ ግን ምንም አይውረስ። የማነን ሳሚልኝ።

ይቅር በይኝ አልልሽም። እሱን የምጠይቅሽ ውጤትሽን ስሰማ ነው። አሁን ወረቀቱን እጠፊውና ጫማሽን አድርጊ፤ ሐኪም ቤት ሂጂ።

እናትሽ
የማርያምወርቅ