ሁለቱን ቁልፎች እኔ መታኋቸው

ለምወድሽ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? እንቅልፍሽስ፣ ምግብሽስ፣ ሥራሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን ይዞሽ የነበረው ሕመም ለቀቀሽ ወይ? ጣቶችሽስ እንዴት ናቸው? ጣቶችሽን ለብቻቸው የጠየቅኩበት ምክንያት አለኝ፤ ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሰው ሲስቅ አብሬ ፈገግ እላለሁ ማለቴ ነው። አባትሽም ደህና ነው፤ ጆሮው ባሰበት እንጂ ሌላው አካሉ ከእኔ ይሻላል። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለን ነገር የለም ብዬ እንዳልጽፍ፣ የጎደለብንን አንቺም ታውቂዋለሽ። ወንድምሽ ካረፈ ስምንተኛ ወሩን ይዟል።

ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩት ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ አይግረምሽ። እስከ ዛሬ እኔ እየነገርኳት የምትጽፍልኝ የወንድምሽ ሚስት ነበረች፤ ይህን ግን እሷን ማስጻፍ አልቻልኩም፤ ነገሩ ስለ እሷ ነውና።

ወንድምሽ ሲያርፍ የቆዳ ሥራው ሱቅ የሚዘጋ መስሎኝ ነበር። እንዲዘጋም ፈልጌ ነበር መሰለኝ። እሷ ግን በሁለተኛው ወር በሩን ከፈተች። የእሱን ሽርጥ በልኳ አሳጥራ ታጠቀችና በእሱ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ሰው መምጣት ጀመረ። ቀበቶ የሚያሠራውም፣ የቦርሳ ማንገቻ የተበጠሰበትም ሥራዋን እያገላበጠ «ወይ ጉድ! ቁርጥ የእሱ እጅ!» ይላል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው፣ ያ አፉ የማያርፈው፣ በየቀኑ በበሩ ብቅ እያለ «እማማ፣ ልጅዎ መች ሞተ? እጁ ይኸው እዚህ ተቀምጦ የለም ወይ!» ይለኛል። ሊያጽናናኝ ብሎ ነው። እኔ ግን በልቤ እንዲህ እላለሁ፤ ያንን እጅ የወለድኩት እኔ፣ ማንኪያ ያስያዝኩት እኔ፣ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ያስተማርኩት እኔ! እሷ በስድስት ዓመት ትዳር እጁን ወርሳ ቁጭ አለች። ቅናት ነው ልጄ። ሌላ ስም ልሰጠው ሞክሬ ነበር፤ ሐዘን ነው አልኩ፣ እርጅና ነው አልኩ። ቅናት ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ሄጄ «እኔንም አስተምሪኝ» አልኳት። መማር አምሮኝ እንዳይመስልሽ፤ እሱ ያስተማራትን ነገር ብቻዋን ይዛው እንዳትቀር ነው። አባትሽ «አሁን በዚህ ዕድሜሽ መዶሻ?» ብሎ ሳቀብኝ፤ «ጣትሽን የቀጠቀጥሽ ቀን እንዳትጠሪኝ፣ አልሰማሽም» አለኝ። እሷ ግን አልሳቀችም። ወንበር አቀረበችልኝና ጠቅ የሚለውን የብረት ቁልፍ መምታት ታሳየኝ ጀመር፤ ተቀምጠው የሚሠሩት፣ ብዙ ጉልበት የማይጠይቀው እሱ ነው አለችኝ።

አንቺ ቦርሳሽን ጠቅ አድርገሽ ስትዘጊ ቁልፉ አንድ ነገር ይመስልሻል። አራት ነው። ከላይ የሚታየው ባርኔጣው ነው፤ እግሩ በሽፋኑ ቆዳ ውስጥ አልፎ ከሥር ሴቷን፣ ጎድጓዳዋን ክፍል፣ ይይዛል። በቦርሳው አካል ላይ ደግሞ ወንዱ፣ እሷ ውስጥ የሚገባው ጉጥ፣ ይቀመጣል፤ እሱንም ከቆዳው ጀርባ የሚመጣ ሌላ እግር ይይዘዋል። ቁልፍ በማማሩ አይመረጥም። ቆዳውን በሁለት ጣትሽ ጨምቀሽ ውፍረቱን ታያለሽ፤ እግሩ በቀዳዳው ሲያልፍ ከቆዳው በላይ የስንዴ ቅንጣት ያህል ብቻ ብቅ ማለት አለበት። ከረዘመ ሲመታ ይጣመማል፤ ካጠረ አይነክስም፣ በሳምንቱ ይወልቃል። ጠንካራው ቁልፍ ለወፍራም ቀበቶ ነው፤ ስስ ቆዳ ላይ ከመታሽው ስትከፍቺው ቆዳውን ይቀደዋል። ለስስ ቆዳ ለስላሳው ነው፣ በአንድ ጣት የሚከፈተው። ከዚያም በዚያው ቆዳ ቁራጭ ላይ ሳትሞክሪ ዋናውን ሥራ አትነኪም። መምቻውን ዘንግ ቀጥ አድርገሽ ይዘሽ ሦስት አራቴ ቀስ እያልሽ ትመቺዋለሽ፤ አንዴ በኃይል ከሆነ ያበላሻል። ሲያልቅ ባርኔጣውን በጣትሽ ለማዞር ትሞክሪያለሽ። ከዞረ አልተያዘም ማለት ነው።

በመጀመሪያው ቀን ስድስት ቁራጭ ላይ መታሁ። ልዝጋ ብል እምቢ፣ ብጫን እምቢ። አንስታ አየችና «እማማ፣ በሁለቱም በኩል ወንድ አድርገዋል፤ እነዚህ ይደባደባሉ እንጂ አይጋቡም» ስትል ልብስ ሰፊው በር ላይ ቆሞ ነበርና እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እሷም እየሳቀች «እሱም ያኔ እኔን እንደዚሁ ነበር ያለኝ» አለች። ሳቄን ትቼ ቁራጮቹን መሰብሰብ ያዝኩ።

ከዚያ ወዲያ ልብ ብዬ ባዳምጣት፣ አፏን በከፈተች ቁጥር «እሱ እንዲህ ይል ነበር» ነው። መዶሻ የሚያዘው ከትከሻ ሳይሆን ከእጅ አንጓ ነው ይል ነበር። መብሻው ሳይሳል ሥራ አይጀመርም ይል ነበር። እኔ አንዱንም ሰምቼው አላውቅም። ለእኔ የሚለኝ «እማዬ፣ እንደምን ዋልሽ፣ የሚበላ አለ?» ነበር። ስለዚህ እኔም የራሴን ማውጣት ጀመርኩ። እሷ ሽንኩርት አይወድም ነበር ስትል እኔ በሽንኩርት ነው ያሳደግኩት እላለሁ። እሷ ጠዋት ጠዋት ዝምተኛ ነበር ስትል እኔ በልጅነቱ ወፍ ሳይንጫጫ ነበር አፉን የሚፈታው እላለሁ። አንዱን ደንበኛ ከሁለት በኩል እንደሚጎትቱ ሻጮች ሆንን።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ባለፈው ወር ለስላሳዎቹ ቁልፎች የታችኛው መሳቢያ ውስጥ አሉ ብላኝ ስከፍተው በጨርቅ የተጠቀለለ ቦርሳ አገኘሁ። በትከሻ የሚነገት፣ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ጠርዙ ተወልውሎ እንደ መስታወት የሚያበራ። ስፌቱን በጣቴ ስከተለው አንድም የዘለለ የለም። የቀረው ሽፋኑን የሚይዙት ሁለት ቁልፎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም በወረቀት ተጠቅልለው ውስጡ ተቀምጠዋል። ለስላሳዎቹ ናቸው። የማን ነው አልኳት። የምትቆርጠውን ቆዳ አስቀመጠችና «የእህቱ ነው፤ ሊልክላት ነበር» አለችኝ።

ልጄ፣ በዕድሜዬ ለአንቺ ክፉ ተመኝቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ቀናሁብሽ። አሥር ዓመት ሙሉ ቆዳ ሲሠራ ለእኔ አንድ ነገር አልሠራልኝም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ልሥራልሽ ባለኝ ቁጥር «ለእኔ ምን ያደርግልኛል፣ ለሰው ሽጠው» እለው ነበር። እናት እንዲህ ስትል አምኖ መተው እንደሌለበት ማን ይንገረው! እናም ልከራከራት ገባሁ። ለስላሳውን የመረጠው ለእኔ ነው፣ ጣቶቼ አልታጠፍ እንዳሉኝ ያውቅ ነበር አልኳት። ቆዳዋን መልሳ አነሳች። ያሸነፍኩ መስሎኝ ደገምኩላት። ያኔ ነው «እማማ፣ የእሷም ጣቶች እዚያ በምትሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት በሳሙና ተሰነጣጥቀዋል፤ ጠዋት ኮቷን እንኳ መቆለፍ ያቅታታል፤ ጽፋለት ነበር» ያለችኝ። ለእሱ ጽፈሽለታል። ለእኔ የምትጽፊው «እጅግ ደህና ነኝ» ብቻ ነው። የልጄን ሕመም ከምራቴ አፍ ሰማሁ። እዚያው ላይ ደግሞ በአንቺም በእሷም ቀናሁ።

በማግስቱ እሷ ቆዳ ልትመርጥ ወጣች። አባትሽ በር ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ቦርሳውን አወጣሁና የወንድምሽ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ቀዳዳ የሚበሳባቸውን ቦታዎች በወስፌ ጫፍ ነጥብ አድርጎባቸው ኖሯል። የቀኙን አገኘሁት። የግራውን ነጥብ ግን ዓይኔ አላይ አለኝ፤ በግምት በሳሁት። በቁራጭ ላይም አልሞከርኩም፤ ሳትመለስ ልጨርስ ብዬ ቸኮልኩ። ከዚያ ዘንጉን ቀጥ አድርጌ፣ ከእጅ አንጓዬ፣ ቀስ እያልኩ መታኋቸው። ሴቶቹን በሴት ቦታ፣ ወንዶቹን በወንድ ቦታ። ሽፋኑን ጫን ሳደርገው ሁለቱም ጠቅ ጠቅ አሉ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እሱ ካረፈ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እሱ ጀመረው፣ እኔ ጨረስኩት፣ በመካከላችን ማንም የለም አልኩ።

ስትመለስ ቦርሳው ተዘግቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር። የገዛችውን ጥቅል ቆዳ በብብቷ እንደያዘች በሌላው እጇ ባርኔጣዎቹን ተራ በተራ ልታዞር ሞከረች። አልዞሩም። «ጥሩ አድርገው መትተዋል» አለችኝ። ጥቅሉን አስቀመጠችና «እኔ እስከ ዛሬ ያልመታኋቸው ጊዜ አጥቼ አልነበረም፤ እነሱ እስካልተመቱ ድረስ ሥራውን አልጨረሰም እል ነበር» አለች። በጓሮው በር ወጥታ ፊቷን ታጠበች። ተመልሳም የሰው ቀበቶ መቁረጥ ያዘች። ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን «ብትነግሪኝ ኖሮ» የሚል ነው። እሷም ቀና ሳትል «ቢጠይቁኝ ኖሮ» አለችኝ።

አሁን በአንድ ጠረጴዛ እንሠራለን። የቁልፉን ሥራ ሁሉ ለእኔ ትታልኛለች። ቅናቱ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽሽም። ትናንት ልብስ ሰፊው ደግሞ «እማማ፣ እርስዎም እጁን ወረሱ!» ሲለኝ ደስ አለኝና ከፍቷት እንደሆነ ዞር ብዬ አየኋት። አልከፋትም፤ ፈገግ አለች። ፈገግታዋም አናደደኝ።

የደብዳቤው ጉዳይ እንግዲህ ይህ ነው። ቦርሳው ያንቺ ነው። ባለፈው ሳምንት ወደ አንቺ የሚመጣ ሰው አግኝቼ ነበር፤ አልላክኩትም። የግራው ቁልፍ ዝቅ ብሎ ስለተመታ ሽፋኑ በዚያ በኩል ከፍ ብሎ ይቀራል፤ እሱን እስካስተካክል ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ውሸቴን ነው። አንዴ የተበሳ ቆዳ ምን ይስተካከላል! እኔው ይዤዋለሁ። ገበያ ስወጣ አነግተዋለሁ፤ መነጽሬንና መሐረቤን አስቀምጥበታለሁ። በቀን ስንቴ እንደምከፍተውና እንደምዘጋው አልነግርሽም። የወንድምሽ ሚስት ይህን ስታይ ሰንብታ አንድ ቀን «ለእሷ ይጻፉላት» አለችኝ። ይኸው ጻፍኩ።

ከፈለግሽው ቶሎ ጻፊልኝ፤ አለቅሳለሁ፣ ግን እልክልሻለሁ። ከተውሽልኝ ደግሞ አደራሽን «ተውኩልሽ» ብለሽ እንዳትጽፊልኝ። ሰው ሲሰጠኝ እምቢ ማለት ለምዶብኛል፤ ያንን ቃል ያነበብኩ ዕለት «ለእኔ ምን ያደርግልኛል» ብዬ ጠቅልዬ እሰድልሻለሁ፣ ከዚያ ዕድሜ ልኬን ስቆጭ እኖራለሁ። ስለ ሌላው ነገር ሁሉ ጻፊልኝ። ስለ ቦርሳው ዝም በይኝ።

አባትሽ እጅግ አድርጎ ሰላም ይልሻል፤ ምን እንደምጽፍ ጠይቆኝ ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ ብነግረው ራሱን ነቅንቆ ወደ ፀሐዩ ተመለሰ። የወንድምሽ ሚስት በናፍቆት ትስምሻለች። ልብስ ሰፊው ሳይጠየቅ ሰላም ብሎሻል። አብራሽ ለምትኖረው ልጅ የእናት ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ በየቀኑ ፊትሽን የምታየው እሷ ናትና፣ በእሷም ትንሽ እቀናለሁ።

እናትሽ

ከሱቁ ጀርባ ካለው ክፍል፣
ኅዳር 11 ቀን