የተጣበቁት ገጾች

ውድ እታለም፣

የንግድ ስምምነቱ ዛሬ ረፋድ ላይ ተፈረመ። ማራችን ከቀረጥ ነፃ በሚገቡት ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ገጽ አርባ ሁለት፣ ሦስተኛው መስመር። ሌላ ሰው ቀድሞኝ እንዳያበስርሽ ብዬ ከአዳራሹ እንደወጣሁ ደረጃው ላይ ተቀምጬ እየጻፍኩልሽ ነው።

የምናዘዘው ነገርም አለኝ። ወደ አዲሱ መሥሪያ ቤትሽ ልትዛወሪ ሁለት ቀን ሲቀርሽ፣ ከስምምነቱ የተረጎምሽው ሁሉ ከዋናው ጋር ጮክ ተብሎ እየተነበበ ይመሳከር አልሽ። እኔ የማር ነጋዴዎች ተወካይ ሆኜ መጥቼ ስለነበር የሕግ ባለሙያችሁን ኮሪደር ላይ ይዤ፣ "ኧረ ባክህ፣ እሷ ከጀመረች ማቆሚያ የላትም፤ እንዲሁ ይለፍ" አልኩት። መጋዘን ሙሉ ማር ይዤ ፊርማ ስጠብቅ ትዕግሥቴ አልቆ ነበር። በዕለት ማስታወሻዬም "እህቴ ሥራ አጓተተች" ብዬ ጽፌያለሁ።

እሱ ግን ላንቺ አደላ። ከራሱ ፋይል ዋናውን አውጥቶ ሲያነብ፣ አንቺ ማስመሪያሽን በትርጉሙ ላይ መስመር በመስመር ስታወርጂ፣ እኔ ጥግ ይዤ ሰዓቴን አያለሁ። "የተፈጥሮ ማር" ሲል ማስመሪያሽ ቆመ።

"እኔ ጋ የለም" አልሽ።

ከወንበሬ ተነሣሁ። ሙሉ ቀረጥ የተጫነበትን ማር ማን ይገዛኛል? መጋዘኔ መዘጋቱ ነው። ማራቸውን ለእኔ የሚያስረክቡት አርባ ንብ አናቢዎችስ?

የተረጎምሽበትን የዋናውን ቅጂ ገለጥሽ። አርባ ሁለተኛው ወረቀት ከአርባ አንደኛው ጀርባ ተጣብቋል። በጥፍርሽ አላቀቅሽው፣ ጣትሽን አሸተትሽ፣ ከዚያ ቀና ብለሽ አየሽኝ። ያን አስተያየትሽን ከልጅነታችን ጀምሮ አውቀዋለሁ።

"አንተ፣ ሥራው ቶሎ እንዲያልቅ ብለህ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጥከው ማር ክዳኑ ያፈሳል።"

የሕግ ባለሙያው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እየጠረገ ሳቀ። "ጉቦ ሰጪውን ሲይዝ ገና ዛሬ አየሁ" አለ።

"ስንት ዓመት ስተረጉም አንድ ገጽ ዘልዬ አላውቅም" አልሽ አንቺም። "ከወንድሜ በቀር ማን እንዲህ ያዋርደኛል?" ይህን ብለሽ ጠረጴዛው ላይ ተደፍተሽ ሳቅሽ። እኔም አብሬያችሁ ሳቅኩ።

ሳላመሰግንሽ ወደ አዲሱ መሥሪያ ቤትሽ ሄድሽ። እንኳን አጓተትሽኝ። ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩትን ሰርዤ "እህቴ አዳነችኝ" ብያለሁ፤ ከሥሩም ፈርሜበታለሁ፣ መጀመሪያ ጮክ ብዬ አንብቤ።

ነገ በሚመጣው መኪና ማር ልኬልሻለሁ። ክዳኑን ራሴ ሁለት ጊዜ አጥብቄዋለሁ። ቢሆንም ቢሮ ይዘሽው እንዳትገቢ።

ከእንግዲህ ገጽ የማያጣብቀው ወንድምሽ