ሁለት መንገድ

ሐሙስ፣ ሐምሌ 4 ቀን 2011፤ ባሕሪ ከተማ

ምነው ዛሬ ምላሴን በቆረጠው።

በክረምቱ የሒሳብ ሥልጠና እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን የምርምር ጥያቄ እንዲመርጥ አዝዤ ነበር። የጎረቤቴ ልጅ መቅደስ የሰፈራችንን መንገዶች በነጥብና በመስመር ሳለች። ጥያቄዋ፣ ሰፈሩን ከድልድዩ ለመቁረጥ ቢያንስ ስንት መንገድ መዘጋት አለበት የሚል ነው። "የፈጠራ ካርታ አልፈልግም፣ እውነተኛውን ሳዪ" ያልኳት እኔው ነኝ።

ዛሬ ከሥልጠናው አብረን ስንመለስ ድልድዩ አጠገብ ያሉት ወታደሮች ቦርሳዋን ዘረገፉት። መኮንኑ ወረቀቱን ሲያይ ነገ ከሰፈራችን ወጥቶ ድልድዩን ለሚሻገረው ሰልፍ የተዘጋጀ መሰለው። የሒሳብ ሥራ ነው አልኩት።

"እሺ፣ ስንት መንገድ ነው የሚዘጋው?" አላት።

"አምስት" አለች።

ትዋሻለሽ ብሎ በሰደፍ እጇን መታት። ደግሞ ጠየቃት። አሁንም አምስት አለች። ሲደግማት የጣቷ አጥንት ሲሰበር ሰማሁት። ከድንጋጤ የተነሣ መልሱ የጠፋባት መሰለኝ። "ሁለት ነው" አልኩና የትኞቹ እንደሆኑ፣ ለምን እንደሚበቁም ጭምር በጣቴ እያመለከትኩ አስረዳሁት። መኮንኑ በጥሞና ሰማኝ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና "ያላ፣ ሂዱ" አለን።

ባለሦስት እግሯ ረክሻ ውስጥ እጇን በሻሿ ጠቀለልኩላት። አላለቀሰችም። ቤታቸው ልንደርስ ስንል ዞር ብላ አየችኝ።

"ሁለት መሆኑን እኮ አውቃለሁ፣ ኡስታዝ።"