ያላነበብኩልሽ መስመር

ውድ እህቴ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ከወንበሬ እነሳለሁ፤ መስኮቱን እከፍታለሁ፤ መልሼ እዘጋለሁ። ዕድሜዬን በሙሉ የተማሪ ድርሰት በቀይ ሳርም የኖርኩ ሴት የራሴን አንድ ገጽ መጨረስ አቃተኝ።

የልጅ ልጅሽ ማክሰኞ ዕለት የበረራ ትምህርት ቤቱን ቅጽ ይዛ መጥታ ነበር።

«አያቴ አልፈርምም አለችኝ።»

«ለምን?»

«'የእኔ እጅ አንዴ ረስቷል፤ ያንቺም ይረሳል፤ መርሳት በዘር ነው' ብላ።»

ምዝገባው ዓርብ ያበቃል። 

ያን ጠዋት አትረሺውም። በትንሿ አውሮፕላንሽ ስንነሳ ሁልጊዜ እኔ ከበረራ በፊት የሚፈተሸውን ዝርዝር ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ፤ አንቺ እየነካሽ ትመልሻለሽ። የመጨረሻዋ መስመር «ረዳት የነዳጅ ፓምፕ» ነበረች። ማብሪያውን ወደ ላይ ገፍተሽ «በርቷል» ትያለሽ። ነዳጁን የያዘው ክንፍ ከሞተሩ ዝቅ ስለሚል ነዳጁ በራሱ አይመጣም፤ የሞተሩ ፓምፕ ቢከዳ የሚደርስልን ያ ረዳቱ ብቻ ነበር።

በዚያ ጠዋት ግን መካኒኩ ፊት በባርኔጣዬ ሳቅሽ። «እትዬ፣ ይህን ጭነን እንኳን ልንበር ከመሬትም አንላቀቅ!» መካኒኩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ አኮረፍኩ።

እህቴ፣ የመጨረሻዋን መስመር አይቻታለሁ። ማብሪያው ወደ ታች እንደሆነም አይቻለሁ። «ትጠይቀኝ፤ ያለ እኔ እንደማይሆንላት ትወቅ» ብዬ ሳላነባት ዝርዝሩን አጠፍኩት። አንቺ በሬዲዮ ከመቆጣጠሪያ ማማው ጋር ትነጋገሪ ነበርና አልጠየቅሽኝም። መንደርደር ስንጀምር እንኳ አፌን መክፈት እችል ነበር።

የዛፎቹን ጫፍ እንዳለፍን ሞተሩን እንደ ሳል አደረገውና ዝም አለ። እጅሽ፣ ዓይንሽ ሳያየው፣ ማብሪያውን አገኘው። ሞተሩ ተመለሰ፤ ዞረን አረፍን። መካኒኩ የሞተሩን ፓምፕ ፈቶ የተቀደደ ስስ ጎማ አሳየን። የአየር ማረፊያው ኃላፊ «ረዳቱን ማን ረሳው?» ሲል፣ እኔ ጉሮሮዬን ስጠርግ አንቺ ቀደምሽኝ።

«እኔ ነኝ። እትዬ መስመር ዘልላ አታውቅም።»

በዚያው ሳምንት የበረራ ፈቃድሽን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍሽበት። እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት ዝም አልኩ፤ መጀመሪያ በኩራት፣ ኋላ በፍርሃት።

እጅሽ አልረሳም፤ እጅሽ አዳነን። ያኮረፈ እንጂ የረሳ ሰው በዚያ አውሮፕላን ውስጥ አልነበረም። ኩርፊያ በዘር ነው ካልሽኝ ደግሞ፣ ልጅቷ ተመስገን ሳቂታ ናት፤ ወደ አንቺ አድልታለች።

ፊትሽን ብታዞሪብኝ አልፈርድብሽም። ቅጹን ግን ፈርሚላት። ዓርብ ጠዋት አሮጌውን ዝርዝር ይዤ በርሽ ላይ እቆማለሁ። ሌላ ሰላምታ የለኝም፤ ልጅቷ እየሰማች፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ያቺን መስመር አነብልሻለሁ፦

«ረዳት የነዳጅ ፓምፕ?»

መልስሽን የምትጠብቅ፣
ታላቅ እህትሽ