የሰብለ አስተርጓሚ

ዓርብ

ኸላስ፣ በቃ አገኘሁት! ዶቂ ሰፈር ነው ቢሮው። ልጅ ሆነው የተጎዱ ሴቶችን ቁጭ ብለው የሚያዳምጡበት፣ ያውም በነጻ። ቅዳሴ ሲወጣ ስንቱን ጠየቅሁ! «ለማን ነው?» ሲሉኝ «ለዘመድ» እላለሁ። ሐኪሟ ግብፃዊት ናት፣ ሃላ ትባላለች፣ አስተርጓሚም አላቸው።

ዘመዴስ አብራኝ የምትኖረው ሰብለ ናት። ለእንቁጣጣሽ እናቷ ደውላ «አጎትሽን እንኳን አደረሰህ በዪው» ካለቻት ወዲህ እንቅልፍ የላትም። አንድ ቀን ልብስ ስናጥፍ «እትዬ ጽጌ፣ ልጅ ሳለሁ አጎቴ…» ብላ ጀመረችና አቆመች። የቀረው ገባኝ። አልጠየቅኋትም። እኔ! እዚሁ ሰፈራችን ማዓዲ ያለችው አሠሪዬ «ሬዲዮ» እያለች የምትጠራኝ ሴትዮ!

እሑድ

ሄድን። ባቡር መቀየሪያው ሳዳት ጣቢያ ስለተዘጋ ባቡሩ በጨለማው ሳይቆም ያልፋል፣ ዞረን ነው ዶቂ የደረስነው። ሰዓት እላፊ ከታወጀ ወዲህ መንገዱ ላይ ታንክ ቆሟል። ሰብለ ቀና ብላም አላየችው።

ገባን። አስተርጓሚው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጋሽ ታደሰ! የጽዋ ማኅበራችን ሰው! «እናንተ ልጆች፣ ምን እግር ጣላችሁ?» አለ በደስታ። ሰብለ «ሆዴን አሞኝ ነው» አለች። አለቀ። የጨጓራ ክኒን ይዘን ተመለስን። ያዕኒ፣ ማለቴ ያን ሁሉ መንገድ ለጨጓራ!

ጋሽ ታደሰ ክፉ ሰው አይደለም። ቢሮውም የአገራቸው ሰው ሲሆን ይቀላቸዋል ብሎ ነው። ግን ወሩ በገባ ቁጥር ከሚስቱ ጋር ጽዋ እንጠጣለን። እሱ ፊት ይህ ነገር እንዴት ከአፍ ይወጣል?

«ሁለተኛ አልሄድም» አለችኝ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ።

ሰኞ

«እኔ ላስተርጉምልሽ፣ አረብኛዬ እንደሆነ እሳት ነው» አልኳት።

«እትዬ፣ አይሆንም። ከዚያ በኋላ ሽሮ ስታቀርቢልኝ በምን ዓይኔ አይሻለሁ?»

ተቀየምኩ፣ አልዋሽም። ወጡን ሳማስል ግን ልክ ናት አልኩ።

«እሺ፣ ለማን ትናገሪያለሽ?»

«ለማታውቀኝ። ለማታየኝ። ስሜን ለማትጠይቀኝ።»

ማሰሮውን ጥዬ ተነሣሁ። የማታይሽማ ስልክ ናት!

ረቡዕ

መስኮት እየወለወልኩ ለሐኪሟ ደወልኩ። እኛ እዚህ አገር ሁላችን እንተዋወቃለን፣ ወንድ አይሆንም፣ ጎረቤት አይሆንም፣ ሩቅ ያለች ሴት በስልክ ታስተርጉም፣ ስምም አይጠራ አልኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። «ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ ይህን አላሰብነውም» አለች። ከሰዓት በኋላ መልሳ ደወለች። እስክንድርያ አንዲት ሴት ተገኝታለች!

ለሰብለ ስነግራት «እንጃ» አለች። እንጃ ግን እንቢ አይደለም። ዛሬ ነጠላዬን ሳላጥፍ ነው የምተኛው፣ ደስ ብሎኛል።

እሑድ

ሰብለ ገባች! በሩ ላይ እጄን ጨበጥ አድርጋ ለቀቀችኝና ገባች።

በሩ አጠገብ ወንበር ነበረ። እዚያ ከተቀመጥኩ ጆሮዬን አላምነውም፣ ወደ ደረጃው ወረድኩ። ጋሽ ታደሰ ሲያልፍ «ጽጌ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለኝ።

«ፀሐይ እየሞቅሁ።»

ደረጃው ላይ ፀሐይ የለም። ቀና ብሎ አየ፣ እኔን አየ፣ ሳቅ ብሎ አለፈ። እግዜር ይስጠው።

ስትወጣ ዓይኗ አብጧል። ያለችው «ራበኝ» ብቻ ነው። ሩዝና ምስር የተደባለቀበት ኩሽሪ ገዛሁላት፣ የራሷን ጨርሳ የእኔንም ጎረሰች። ምን እንዳለች መጠየቅ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ከምስሩ ጋር ዋጥኩት። በዕድሜዬ ሙሉ እንዲህ ዝም ብዬ አላውቅም፣ ኮራሁ!

«የሚቀጥለው እሑድም ልምጣ ወይ አላውቅም» አለች ባቡር ውስጥ። እኔም አላውቅም። ወዲያው ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፣ አፏን ከፍታ፣ እንደ ሕፃን።

መውረጃችን ማዓዲ ደረስን። በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ። አልቀሰቀስኋትም። ሰዓት እላፊው ገና ነው፣ መስመሩም እስከ መጨረሻው ጣቢያ፣ እስከ ሔልዋን ይሄዳል።